«ገባችሁ?» ማለትን የተዉት መምህር፦ የመምህር ገብረ መድህን ወልደጻድቅ የሕይወት ታሪክ

መምህር ገብረ መድህን ወልደጻድቅ ከአባታቸው ከአቶ ወልደጻድቅ ኃይለየሱስና ከእናታቸው ከወይዘሮ በቀለች ወልደ ጊዮርጊስ፣ በአርሲ ክፍለ ሀገር ከጢቾ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር በ1932 ዓ.ም. ተወለዱ። ወሩንና ቀኑን ግን መጻፍ አልተፈቀደልኝም። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት እሳቸው ታመው አልጋ ላይ ሳሉ፣ በራሳቸው ትእዛዝ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ተቀብለው እንደ ተማሪ ደብተር በእርሳስ አርመው መለሱልኝ። «ግንቦት 7» ያልኩትን ሰርዘው፣ «እናታችን ግንቦት ትል ነበር፣ አባታችን ስንዴ አጨዳ ላይ ነበርን ይል ነበር። በግንቦት ስንዴ ሲታጨድ አይቼ አላውቅም። የማይታወቀውን አይታወቅም በዪ» ብለው በጎኑ ጻፉበት። «ዝነኛው መምህር» ያልኩትንም ሰርዘው «ማን ዘንድ?» ብለው ጠይቀውበታል። እንግዲህ ዝናቸውን ለእናንተ ፍርድ ትቼዋለሁ፤ የተወለዱበትን ቀን እግዚአብሔር ያውቀዋል።

ጸሐፊዋ ታናሽ እህታቸው አልጣሽ ወልደጻድቅ ነኝ። በአሰላ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ስለሆንኩ «አንቺ ጻፊው፣ ሌላ ሰው ከጻፈው ያጋንነዋል» ብለው የመረጡኝ እሳቸው ናቸው። እኔም ላለማጋነን ቃል ገብቻለሁ። ቃሌን አንድ ሁለት ቦታ ላይ ባፈርስ ግን ማን ይፈርድብኛል፣ ወንድሜ ናቸው።

አያታችን ከሸዋ መጥተው ጢቾ አካባቢ ከሰፈሩት አንዱ ነበሩ። መምህር ገብረ መድህን ፊደልና ዳዊት ከደብሩ መሪጌታ ተምረዋል። ኦሮምኛውን ደግሞ ከጎረቤት ልጆች ጋር ከብት ሲመልሱ ተምረውታል፤ ከዚያ ወዲህ አማርኛቸው ሁሉ የአርሲ ለዛ ነበረው። አዲስ አበባ ሲሄዱ «ከየት ነህ?» ብለው የሚጠይቋቸውን ሰዎች «ከአፌ አታውቁም እንዴ?» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። መምህርነቱ የጀመራቸው ገና በልጅነታቸው ነው። ታናናሾቻቸውን ግድግዳ ሥር አስቀምጠው በጠጠር ያስደምሩን ነበር፤ የተሳሳተ ሰው ኩርኩም ይቀምሳል። ዛሬ ስለ ትዕግሥታቸው የሚመሰክረው ሁሉ ያንን ኩርኩም ያልቀመሰ ነው።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጢቾ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በአሰላ ተከታትለው፣ ሐረር መምህራን ማሠልጠኛ ገብተው በ1953 ዓ.ም. ተመረቁ። የመጀመሪያ ምድባቸው አቦምሳ ነበር። ከደጋ የመጣ ሰው፣ ጋቢና ሁለት ብርድ ልብስ ተሸክመው ቆላ ወረዱ። ሙቀቱ ሲያስጨንቃቸው ጋቢውን ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሰጡት። ለቀለም ትምህርት ማንም ተመድቦ ቢመጣ ሒሳቡን ለእሳቸው ይተውላቸው ነበርና፣ በዚያው የሒሳብ መምህር ሆነው ቀሩ።

በ1959 ዓ.ም. የሮቤዋን ወይዘሮ ውድነሽን አገቡ። ለሠርጉ የዳሱን ስፋት ራሳቸው አስልተው ነበር፤ ለአንድ እድምተኛ ይህን ያህል ክንድ፣ ለስንት ሰው ስንት ክንድ ብለው። ሒሳቡ ልክ ነበር። የረሱት ነገር ቢኖር የአርሲ ሰው ለሠርግ ሲጠራ ጎረቤቱን፣ ልጆቹንና በመንገድ ያገኘውን ሰው አስከትሎ እንደሚመጣ ነው። ግማሹ ሠርገኛ ካፊያ ላይ ቆሞ በላ። ወይዘሮ ውድነሽ እስከ ዛሬ ድረስ ቤት ውስጥ የሚሰላ ነገር ሲመጣ «አንተ ተወው፣ ለተማሪዎችህ አድርገው» ይሏቸዋል። ይሏቸው ነበር ልበል። ኃይለየሱስና ብርቄ የሚባሉ ሁለት ልጆች ወልደው አሳድገዋል።

ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ በሮቤ፣ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአሰላ በአንድ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሩ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ገበሬዎችን በኦሮምኛ አስተምረዋል።

አሁን የምጽፈውን «ይቅር» ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን «ይህ ከሌለ የሕይወት ታሪኩ የእኔ አይደለም» አሉ። ስለዚህ አዳምጡ።

የዚያን ጊዜ አስተማሪ ሁሉ ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ ክፍሉ ዞሮ «ገባችሁ?» ይላል። ክፍሉም በአንድ ድምፅ «ገባን!» ይላል። መምህር ገብረ መድህንም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ልጆቹ ደግሞ ይወዷቸዋል፤ የሚወዱትን መምህር ፊት ለፊት «አልገባኝም» ማለት ደግሶ ያበላህን ሰው ወጥህ ጨው ጎድሎታል እንደ ማለት ነው። ነውር ነው። በየቤቱም «መምህርህን እንዳታሳፍር» ተብሎ የመጣ ልጅ ነው። ስለዚህ በተወደዱ ቁጥር «ገባን» የሚለው ድምፅ ይበልጥ ያስተጋባ ነበር። እሳቸውም እያመኑ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋሉ።

ከተማሪዎቻቸው አንዱ ቶላ ሁሴኖ ይባላል። አባቱ አቶ ሁሴኖ ከአሰላ ወጣ ብሎ ገብስ የሚያርሱ ሰው ናቸው፤ እናቱ ወይዘሮ ፋጡ ልጃቸውን «ከመምህሩ ፊት አልገባኝም ብለህ እንዳታዋርደን» ብለው ነበር ወደ ከተማ የላኩት። ቶላ የፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሰሌዳ ይጠርጋል። ሲጠየቅ «ገብቶኛል መምህር» ይላል። የቤት ሥራው ንጹሕ ነው፤ ከጓደኛው እየገለበጠ በሚያምር ጽሑፉ ያሰፍረዋል። የወሩ ፈተናም ቢሆን ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚሠራ ስለነበረ ማርኩ ጥሩ ነበር። መምህር ገብረ መድህን አቶ ሁሴኖን ገበያ ላይ ሲያገኟቸው «ልጅዎ ጎበዝ ነው፣ አያስቡ» ብለዋቸዋል።

በ1976 ዓ.ም. ሰኔ ቶላ የስምንተኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ተፈተነ። በሒሳብ ወደቀና አላለፈም።

ስምንተኛን የወደቀ ልጅ ያን ጊዜ ምን እንደሚገጥመው እዚህ የቆማችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ። ተማሪ ካልሆነ ቀበሌው ይመዘግበዋል። ቶላ በዚያው ክረምት ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሄደ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አቶ ሁሴኖ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ማር ይዘው ወንድሜ ቤት መጡ። እኔ እዚያው ነበርኩ። ሊወቅሱ የመጡ መስሎን ደነገጥን። እሳቸው ግን ተቀምጠው እንዲህ አሉ፦ «መምህር፣ ልጄን እዚህ ድረስ ያደረሱት እርስዎ ነዎት። የወደቀው በራሱ ነው፣ እርስዎ አይዘኑ። ላመሰግንዎ ነው የመጣሁ።» ተመርቀው፣ መርቀው ሄዱ። ወንድሜ ማሩን ሳይነኩት እንደተቀመጡ ቀሩ። ወይዘሮ ውድነሽ «ምነው?» ሲሏቸው «ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጎበዝ ነው ያልኩት እኔ ነኝ እኮ» አሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ለእናታችን ሞት ብቻ ነበር።

በመስከረም ትምህርት ሲከፈት በየጊዜው የሚደረገው የመምህራን ስብሰባ ተጠራ። ሂስና ግለ ሂስ አለበት። ግለ ሂስ ማለት ያን ጊዜ «አንዳንድ ቀን አረፍዳለሁ፣ ወደፊት አሻሽላለሁ» ብሎ መቀመጥ ነበር፤ ሁሉም ያንኑ ብሎ ወደ ሻዩ ይሄዳል። መምህር ገብረ መድህን ተራቸው ሲደርስ ተነሡና ግለ ሂሱን የምር አደረጉት፤ አይ ወንድሜ! «ጓዶች፣ ዓመቱን ሙሉ ገባችሁ ብዬ ጠየቅሁ፣ ገባን አሉኝ፣ አመንኩ። ቶላ ሁሴኖ የወደቀው ሰኔ ላይ አይደለም፣ ጥቅምት ላይ ነው። ሰኔ ላይ የሰማሁትን ጥቅምት ላይ ማወቅ ነበረብኝ። ልጁ ዛሬ ያለበት ቦታ የሄደው በእኔ ነው» አሉ።

 የቀበሌው ተወካይ እዚያው ተቀምጠዋል። ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ጓድ ገብረ መድህን፣ ልጁ ያለበት ቦታ የክብር ቦታ ነው» አሏቸው። ወንድሜም «ክብሩን መች ካድኩ፤ እኔ የምናገረው ስለ ሒሳቡ ነው» ብለው ተቀመጡ። በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተጠርተው ማብራሪያ ተጠይቀዋል። ወይዘሮ ውድነሽ ምናልባት ቢታሰሩ ብለው ብርድ ልብስ ጠቅልለው በር አጠገብ አስቀምጠው ነበር። ነገሩ በማስጠንቀቂያ አለፈ፤ ተመስገን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህር ገብረ መድህን ክፍል ውስጥ «ገባችሁ?» ብለው አልጠየቁም። በዚህ ፈንታ ደወሉ ሊደወል ሲል አንዲት ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፤ ተማሪው በቁራጭ ወረቀት ላይ ሠርቶ ይሰጣቸዋል። ማርክ የለውም። አይቆጠርም። ማታ ቤታቸው ወረቀቶቹን እንደ መጫወቻ ካርታ ደርድረው ያያሉ፤ ሁለት ሦስት ልጅ የተሳሳተበትን ጠዋት ጠርተው ያስረዳሉ፣ ግማሹ ክፍል የተሳሳተበትን ግን ትናንት እንዳልተማረ ቆጥረው እንደገና ያስተምሩታል። «አልገባቸውም አትበሉ፣ እኔ ነኝ ያላስገባሁት» ይላሉ። የሰኔውን ፈተና አልናቁትም፤ እንዲያውም የሰሚስተሩን ፈተና ከማንም አጥብቀው ነበር የሚያወጡት። ግን «ስንዴ የሚታረመው በሐምሌ ነው፣ አውድማ ላይ ቆሞ አረም የሚነቅል ገበሬ አላየሁም» ይሉ ነበር። ልጆቹም ያችን ጥያቄ «የሐምሌ ጥያቄ» ብለው ሰየሟት።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ አልሠራም። ማርክ የሌለውንም ጥያቄ ልጆቹ ይኮራረጁ ጀመር! ለምን ቢባል፣ መምህራቸው ስህተት አይተው እንዳያዝኑ። አንድ ቀን አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ ስንት ይሆናል ብለው ቢጠይቁ፣ የአንድ ረድፍ ልጆች በሙሉ ሁለት ሰባተኛ ብለው መለሱ። የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች ደምረው። መምህር ገብረ መድህን ሳይቆጡ፣ «አንድ ገበሬ የእርሻውን አንድ ሦስተኛ ገብስ ዘራ። ቆይቶ ሌላ አንድ አራተኛ ጨመረበት። እናንተ እንደምትሉት ሁለት ሰባተኛ ሆነ። ሁለት ሰባተኛ ደግሞ ከአንድ ሦስተኛ ያንሳል። መሬት ተጨምሮበት ጠበበ ማለት ነው?» አሏቸው። ልጆቹ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ከኋላ ወንበር ዙቤዳ የምትባል ልጅ እጇን አወጣችና «መምህር፣ እኔ ለምን እንደማይሆን አሁን ገባኝ፣ ስንት እንደሚሆን ግን አልገባኝም» አለች።

ክፍሉ ደነገጠ። ወንድሜ ግን ከሰሌዳው ተነሥተው፣ ኋላ ድረስ ሄደው፣ ጠመኔ የያዘ እጃቸውን በኮታቸው ጠርገው ዙቤዳን ጨበጧት። «እግዜር ይስጥሽ፤ ዛሬ የማስተምረውን ነገርሽኝ» አሏት። ከዚያ እርሻውን በአሥራ ሁለት ከፋፍለው ሰሌዳ ላይ ሣሉት፤ አራቱ እጅ የመጀመሪያው፣ ሦስቱ እጅ የተጨመረው፣ በጠቅላላው ሰባት አሥራ ሁለተኛ። በማግስቱ እጅ ለመጨበጥ ብለው «አልገባኝም» ያሉ ልጆች እንደነበሩም ሰምቻለሁ። መምህሩ ሁለት ጥያቄ ጠይቀው ያጣሯቸው ነበር።

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። አንዲት እናት ገበያ ላይ አስቁመዋቸው «መምህር፣ ልጄን ምን አስተማሩብኝ? ውሃ ቅዳ ስለው አልገባኝም ይለኛል!» ብለው ሲቆጡ እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወንድሜም «ውሃው እስኪመጣ ምሳውን ያዙበት፣ ይገባዋል» አሉና አለፉ።

ርዕሰ መምህሩ በበኩላቸው አስጨነቋቸው። «ማርክ የሌለው ጥያቄ ማን ይሠራዋል? ከመቶ ስንት ብዬ ነው ሪፖርት የማደርገው?» ይሏቸዋል። ወንድሜ «ልጁ ሲማር የተሳሳተውን ከቆጠርኩበት ነገ ይደብቀኛል፤ ለሪፖርቱ የሰሚስተሩን ይውሰዱ» ይላሉ። ሌላም ጭቅጭቅ ነበራቸው፦ በብሔራዊው ፈተና የወደቁ ልጆች ደጋሚ ሆነው ይመዝገቡ፣ ተማሪነታቸው አይቋረጥ የሚል። ተማሪነታቸው ቢቋረጥ የት እንደሚሄዱ ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሁለቱም አይናገሩትም። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ወንድሜ ጃንጥላቸውን ይዘው ቢሮው በር ላይ ይቆማሉ። «ይኼ ሰውዬ ዝናቡ ሲያባራ ይሄዳል ብዬ ነበር፣ አልሄደም» እያሉ ርዕሰ መምህሩ ይፈርሙላቸዋል። እኒያው ርዕሰ መምህር ትናንት ማታ አስከሬኑ አጠገብ ሲያለቅሱ አይቻቸዋለሁ፤ እግዜር ያጽናቸው።

በእሳቸው እጅ የተማሩ ሁሉ አልፈዋል ብዬ አልዋሽም፤ በእርሳስ ይሰርዙብኛል። የወደቁም ነበሩ። ነገር ግን ከ1977 ዓ.ም. በኋላ «ጎበዝ ነው» ብለውለት የወደቀ ልጅ አልነበረም። የሚያሰጋቸውን ልጅ ከነስሙ፣ ከነድክመቱ ያውቁት ነበር፤ ክረምቱንም ቤታቸው አስቀምጠው ያስተምሩታል። ወይዘሮ ውድነሽ ቆሎ የቆሉት ለስንቱ እንደሆነ እሳቸው ይንገሯችሁ።

ያም ሆኖ ስለ ቶላ ሳይጠይቁ የዋሉበት ቀን አልነበረም። ከሰሜን የመጣ ወታደር ሁሉ ቤታቸው ተጋብዟል፤ «ሁሴኖ የሚባል አባት ያለው፣ ጽሑፉ የሚያምር ልጅ አላየህም?» ይባላል። ቶላ በ1981 ዓ.ም. ጥር ላይ እግሩ ቆስሎ፣ በምርኩዝ እየሄደ ተመለሰ። ከእናቱ ቤት ቀጥሎ የመጣው እሳቸው ቤት ነው። ወንድሜ ያን ጊዜ የኩላሊት ሕመማቸው ጀምሯቸው ነበር። በር ላይ ተቃቅፈው ሲቆሙ የትኛው የትኛውን እንደደገፈ አልታወቀም።

«ትማራለህ» አሉት። ቶላም በ1982 ዓ.ም. የማታ ተማሪ ሆኖ ስምንተኛ ክፍል ተመዘገበ፤ ሒሳቡን ግን እሁድ እሁድ ከእሳቸው ዘንድ ይማር ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ቶላ ያው ቶላ ነው። የታመሙትን መምህር እንዳያደክም ብሎ «ገብቶኛል መምህር፣ ይረፉ» ይላል። ወንድሜ ደግሞ ወረቀቱን ሲያዩት ልጁ ነገሩ አልገባውም። አንድ እሁድ ተቆጡ፦ «ጥይት ያልፈራህ ሰው እኔን ትፈራለህ? እያዘንክልኝ ነው የምትገድለኝ!» ቶላ አንገቱን ደፋ። ከዚያ በመጀመሪያ በኦሮምኛ «ናፍ ሂን ጋሌ» አለ። ቀጥሎም በአማርኛ፣ «አልገባኝም መምህር። ያን ጊዜም አልገባኝም ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሮ» አለ።

ወንድሜ ከአልጋው ቀና ብለው «ውድነሽ! አልጣሽ! ኑ!» ብለው ተጣሩ። ምን ሆኑ ብለን ስንሮጥ ገባን። «ንገራቸው፣ ድገምላቸው» አሉት። ቶላም እያፈረ ደገመው። ወንድሜ እየሳቁ እንባቸው ይወርድ ነበር። ያን ቀን ከክፍልፋይ ጀመሩ፤ ቶላም ሁለት ሰባተኛ ይል ኖሯል፤ ስህተቱን ከስድስት ዓመት በፊት ከነበረበት ቦታ አገኙት። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ከዚያ እሁድ በኋላ መድኃኒቱ እንኳ የተስማማቸው መስሎን ነበር።

ሕመሙ ግን አልተዋቸውም። በአሰላና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው፣ እስከ መጋቢት 1982 ዓ.ም. ድረስ ግድግዳ ተደግፈውም ቢሆን ክፍል ገብተዋል። ከዚያ በኋላ የስምንተኛ ክፍል ልጆች በየተራ ቁራጭ ወረቀቶቹን እየሰበሰቡ አልጋቸው ድረስ ያመጡላቸው ነበር። በግንቦት መጨረሻ የሚሆነውን አውቀውት ቤተሰቡን ሰበሰቡና ስለ ርስትም ስለ ዕቃም ሳይሆን ይህን ብቻ ተናዘዙ፦ «ሞቴ በፈተናው ሰሞን ከሆነ አንድም ልጅ ለቀብሬ ብሎ ከፈተና እንዳይቀር። ቶላም ጭምር። በተለይ ቶላ። ለእኔ ብለው እሺ ማለት ጎድቷቸዋል፣ አሁን ለእኔ ብለው ከቀብሬ ይቅሩ።»

መምህር ገብረ መድህን ወልደጻድቅ ማክሰኞ ሰኔ 12 ቀን 1982 ዓ.ም. በቅዱስ ሚካኤል ዕለት ወደ ማታ በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው ዛሬ ነው። ሒሳቡ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ይህ ጽሑፍ በሚነበብበት ሰዓት ማለት ነው።

ቶላ ሲያርፉ አጠገባቸው ነበር። እናቱ ወይዘሮ ፋጡ «ያስተማረህን ሰው ሳትቀብር? ሰው ምን ይለናል?» ብለው አለቀሱ። እውነታቸውን ነው፤ በአገራችን የሠፈር ሰው ቀብር እንኳ አይቀርም፣ እንኳንስ የአባት። ትምህርት ቤቱም ልጆቹ በሰልፍ እንዲሸኟቸው አስቦ ነበር። ኑዛዜውን ለሁሉም ያነበብኩት እኔ ነኝ። ቶላን ዛሬ ጠዋት እስከ ፈተናው ደጃፍ የሸኘሁትም እኔው ነኝ።  በእሱ ፈንታ አቶ ሁሴኖና ወይዘሮ ፋጡ ከመካከላችን ቆመዋል።

መምህር ገብረ መድህን ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ውድነሽ፣ ከልጆቻቸው ከኃይለየሱስና ከብርቄ፣ እንዲሁም ከእኔ ከእህታቸው ተለይተዋል። ተማሪዎቻቸውን ቆጥሬ አልጨርስም።

ቀባሪዎች ሆይ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጆቹ ከፈተና ሲወጡ ወደ ድንኳኑ ይመጣሉ። ማንም «የት ነበራችሁ?» እንዳይላቸው። ስለ ፈተናውም ዛሬ አትጠይቋቸው። ሊያለቅሱ ቢሉ አብራችኋቸው አልቅሱ፣ ከዚያ እህል አቅርቡላቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ የበሉ አይመስለኝም።

ስህተታችንን ቆጥሮ የማይጨርሰን፣ እያረመ የሚታገሠን አምላክ የወንድማችንን ነፍስ ብርሃን በሞላበት ቦታ ያሳርፍልን። ለወይዘሮ ውድነሽና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።

ይህ የመጨረሻ መስመር ጽሑፉ ማባዣ ማሽኑ ላይ ከታተመ በኋላ የመጣ ነው፤ ቀትር ላይ ከትምህርት ቤቱ ስመለስ በእጄ ጻፍኩት፣ አንባቢው ጨምሮ ያንብብልኝ። ገብሬ፣ ወንድሜ፣ በየክፍሉ ደጃፍ ሄጄ ፈታኞቹን ጠይቄያለሁ፤ ልጆቹ በሙሉ ፈተና ላይ ናቸው፣ አንድም አልቀረም፣ ቶላም ገብቷል። በል አሁን እረፍ።